ሜትር ይዤ ሞተር ልገዛ ሄድኩ

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተመደበችልን አዋላጅ ነርስ ላቦራቶሪ ገብታ አጠገቤ ቆመች። ሰሞኑን ወባው በርትቷል፤ ከማይክሮስኮፑ ቀና የምልበት ፋታ አልነበረኝም። "አንዴ ላስቸግርሽ፣ ሞተር ልገዛ ነው። የትኛው ይሻለኛል?" አለችኝ። ዓይኔን ከስላይዱ ሳላነሳ "የኔን ዓይነት ግዢና ተገላገይ" አልኳት።

ማታ ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ነገሩ ከነከነኝ። ልክ ያልሆነ መልስ ነው የሰጠኋት። እሷ መለሎ ናት፣ እኔ 1 ሜትር ከ56 ነኝ። እሷ ሜዳው ላይ ሲቀላ ተከራይታ ነው የምትኖረው፣ እኔ ዳገቱ ላይ ሴቻ ነኝ። ለሁለታችን አንድ ሞተር ልክ ሊሆን አይችልም። እኔ ራሴ በሰው ምክር ገዝቼ የደረሰብኝን እያወቅኩ ያንኑ ስህተት ለሷ ማቀበሌ ጸጸተኝ። በማግስቱ "ያልኩሽን እርሺው፣ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን" አልኳት። ትናንት ሄደን መጣን። ዛሬ እሁድ ነው፣ ቡናዬን ጠጥቻለሁ፣ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ መንገዴን ላሳያችሁ። አርባ ምንጭን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከተማዋ ሁለት ናት። ሴቻ ላይኛው፣ ሲቀላ ታችኛው። መሃላቸው አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገት ነው። ጠዋት ቁልቁለቱን እወርድና ሲቀላን አቋርጬ በሶዶ መንገድ ወደ ሰሜን እቀጥላለሁ። በቀኜ አባያ ሐይቅ፣ በግራዬ የጋሞ ተራሮች። ጫኖ የሚባሉትን መንደሮች አልፋለሁ፣ ከዚያ ላንቴ፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያ። ግራና ቀኙ ሙዝ ነው። ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች፣ የሚነዱ ከብቶች፣ አህያ፣ አንዳንዴ ዝንጀሮ። ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሞተር ሳይኖረኝ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት እወጣ ነበር። ባጃጅ እስከ ሲቀላ፣ ከዚያ ሚኒባስ። ሚኒባሱ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። የምደርሰው 1 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ትኩሳት ያለበት ሕፃን የታቀፈች እናት ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ስላይዱን የማነበው እኔ ነኝ፤ እኔ ካልደረስኩ መድኃኒቱ አይጀመርም። ሞተር የፈለግኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ሞተር የገዛሁት በ2014 ዓ.ም. ነበር። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ንብረቱን በጨረታ ሸጠ። ከፍ ያለ፣ የገጠር መንገድ የሚባል ዓይነት ሞተር ነው። የጠየቅኳቸው ወንዶች ሁሉ አንድ ቃል ነበሩ። "ጠንካራ ነው፣ ዳገት አይፈራም፣ እንዳያመልጥሽ።" እውነታቸውን ነው፤ ሞተሩ ጠንካራ ነበር። የጠየቀኝ ያጣሁት ስለኔ እግር ነው። የሞተሩ መቀመጫ ከመሬት 85 ሳንቲ ሜትር ነበር። የኔ እግር፣ ከእግሬ ሥር እስከ ጭኖቼ መገናኛ፣ 71 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን የለካሁት ግን ከወደቅኩ በኋላ ነው።

ሲቀላ መግቢያ ላይ ነው የሆነው። ከብቶች መንገዱን ሲያቋርጡ ቆምኩ። መቆም ስል፣ በጣቴ ጫፍ መሬቱን መፈለግ ማለቴ ነው። በግራ በኩል የአስፋልቱ ጠርዝ ዝቅ ይላል። እግሬ የሚረግጠው አጣ። ሞተሩ በቀስታ ዘመመ፣ አልያዝኩትም፣ ላዬ ላይ ተኛ። የጋለው ማርሚታ (የጭስ ቱቦው) ባቴ ላይ አረፈ። ሰዎች ሮጠው አነሱት። ቁስሉን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ቦታ ራሴ እያጸዳሁ አሰርኩት። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ርዝመቱ አንድ ጣት ይሆናል።

ከዚያ ቀን በኋላ በሞተሩ መውጣት ፈራሁ። ዝናብ ሲያካፋ "ዛሬ በታክሲ ልሂድ" እላለሁ። ገበያ ቀን ሲሆን "ሰው ይበዛል፣ በታክሲ ልሂድ" እላለሁ። ሞተሩ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆሞ እኔ ለባጃጅና ለሚኒባስ እከፍል ነበር። ገንዘቤ ሁለት ቦታ ሄደ። ሰው "ምቾት" ሲባል ቅንጦት ይመስለዋል። የማይመች ሞተር ግን የሚያስወጣው ወጪ ይሄ ነው። ግቢ ውስጥ ይቆማል።

በዚያ ላይ ቱ ስትሮክ ነበር። ቱ ስትሮክ ሞተር ከቤንዚኑ ጋር ዘይትም አብሮ ያቃጥላል። ቤንዚን ብቻ ሞልተህ አትሄድም፤ የዘይቱንም ማጠራቀሚያ ማየት አለብህ። ለክቼ ነበር፤ በአንድ ሊትር 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር የሚሄድልኝ። ለመሸጥም አስቸገረኝ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ስለነበር ስም ለማዛወር የቀረጥ ነገር መጀመሪያ ማለቅ ነበረበት። ከድርጅት ጨረታ የምትገዙ ሰዎች፣ ዋጋው ሲያስጎመጃችሁ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።

ሁለተኛውን ልገዛ ስነሳ የልብስ ሰፊ ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

እግራችሁን እንዴት እንደምትለኩ ልንገራችሁ። በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖቻችሁ መሃል አስገቡና ወደ ላይ ጠበቅ አድርጉት። ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጠርዝ ሌላ ሰው ይለካላችሁ። እኔን ታናሽ ወንድሜ ነው የለካኝ። 71። ከዚያ ሱቅ ስትሄዱ የመቀመጫውን ከፍታ ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን የለባቸውም። ሞተር ስትቀመጡበት ይሰምጣል፣ ጫማም ይጨምራል፣ የመቀመጫው ስፋትም ልዩነት ያመጣል። ሰፊ መቀመጫ እግርን ይከፍታል፣ መሬቱን ያርቃል። ስለዚህ ቁጥሩ መነሻ ነው፤ ዋናው መቀመጥ ነው። ሁለቱም እግሮቻችሁ ቢያንስ የፊት ግማሻቸው መሬት መርገጥ አለበት። አንድ እግር ዘርግቶ መቆም ይበቃል የሚሉ አሉ። በሜዳና በደረቅ መንገድ ይበቃል። ከብት በሚያቋርጥበት፣ ጠርዙ በተቆረሰ አስፋልት ላይ ለኔ አልበቃኝም።

ቁጭ ካላችሁ በኋላ አትቸኩሉ። እኔ አንዱ ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተቀመጥኩ። ሻጩ ተገርሞ አየኝ፣ ግን ምንም አላለም። ለሁለት ደቂቃ የሚመች መቀመጫ ሞልቷል። ወገብ መናገር የሚጀምረው ቆይቶ ነው። መሪውን ስይዝ ክርኔ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ለመድረስ ወደ ፊት ካጎነበስኩ ክብደቴ አንጓዬ ላይ ያርፋል፤ ላንቴ ስደርስ ደግሞ እጄ ደንዝዞ ስላይድ ላይ ደም ማንጠፍ ያቅተኛል። ጉልበቴም ከመጠን በላይ መታጠፍ የለበትም። ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጥ፣ መሪው ከፍ ያለ፣ የእግር መርገጫው ከመቀመጫው ሥር የሆነ ሞተር ነው ለየቀኑ ምልልስ የሚመቸው። ወጣቶች የሚወዷቸው ወደ ፊት የሚያስጎነብሱት ለዓይን ያምራሉ፣ በየቀኑ 40 ኪሎ ሜትር ግን ከባድ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ሞተሩን ሳታስነሱ ግፉት። ወደ ኋላ ጎትቱት። በሁለት እግር ማቆሚያው አቁሙት፣ አውርዱት። የግቢያችን በር ደፍ አለው፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ያንን ደፍ የማሻግረው እኔ ነኝ። ወንድሜ ሁልጊዜ የለም።

ከዚያ የዳገቱ ፈተና መጣ። ሁሉም ሰው "ትንሹ ሞተር ቤንዚን ይቆጥባል" ይላል። ስለዚህ ልቤ ወደ ባለ 100 ሲሲው (ሲሲ የሞተሩ መጠን መለኪያ ነው) አዘንብሎ ነበር። ሻጩን "ሴቻ ድረስ ልሞክረው" ብዬ ለመንኩት። ሠራተኛውን ከኋላዬ አስቀምጦ ላከን። ሜዳው ላይ እንደ ቅቤ ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ሦስተኛ ማርሽ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። ወደ ሁለተኛ ቀየርኩ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሞተሩ እየጮኸ፣ ባጃጆች እየቀደሙን ወጣን። ተመልሰን በባለ 150ው ሞከርን። ሦስተኛ ማርሽ፣ ጋዙ ግማሽ እንኳ ሳይከፈት፣ እያወራን ወጣን። ትንሽ ሞተር ይቆጥባል የሚባለው ሜዳ ላይ እውነት ነው። ጋዙ ሁሌ ጥግ ድረስ ተከፍቶ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ግን ብዙ ይጠጣል፣ ቶሎም ያረጃል። የኔ ቀን የሚጠናቀቀው በዚህ ዳገት ነው። አንዳንድ ቀን እናቴን ከኋላ አስቀምጬ።

በመጨረሻ የገዛሁት ቦክሰር 150 ነው። ስሙ 150 ይባል እንጂ ሞተሩ 144.8 ሲሲ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቅ ካርቡሬተር ያለው፣ እንደ ቱ ስትሮኩ ዘይት አብሮ የማያቃጥል ፎር ስትሮክ። ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። መቀመጫው ረጅምና ለስላሳ ነው። በእጅም በእግርም ይነሳል፤ ባትሪው የደከመ ቀን እግር አለ። ስቀመጥበት ሁለቱም እግሮቼ ረገጡ። ያን ጊዜ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር የወረደልኝ ያህል ተሰማኝ።

ከሱ ጋር ያወዳደርኳቸው ነበሩ። ቲቪኤስም እንደ ቦክሰር የሕንድ ነው፤ ለምልልስ የሚሆኑት ሞዴሎቹ በመቀመጫና በቁጠባ ከቦክሰር ብዙ አይርቁም። ከቻይና የሚመጡትም አሉ። ብዙዎቹ ከሆንዳ ሲጂ 125 የተቀዳ ሞተር ነው የተሸከሙት። ሆንዳ ሲጂን በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው እንክብካቤ በማያገኝበት አገር እንዲሠራ አስቦ ነው። ላይኛውን ክፍል ቀለል አድርጎ ቫልቮቹ በዘንግ እንዲገፉ አደረገ። ለዚህ ነው ቅጂዎቹ በየከተማው የሚጠገኑት፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል። ስኩተርም አየሁ። ለቀሚስ ይመቻል፣ ማርሽ የለውም፣ እግር ጠፍጣፋው ወለል ላይ ያርፋል። ጎማው ግን ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ በኔ መንገድ ወገቤ አይችለውም ብዬ ተውኩት። የከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሄድ ሰው ግን ጥሩ ነገር ነው።

የኤሌክትሪኩን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ የማውቃቸው መምህር አላቸው፤ ሲቀላ ውስጥ ቤትና ትምህርት ቤት ነው የሚመላለሱበት፣ ደስተኛ ናቸው። ቤንዚን ወረፋ ሲበዛ ያስቀናኛል። ለኔ ያልሆነበት ምክንያት ዳገቱና መብራቱ ነው። ዳገት ባትሪውን በደንብ ይበላዋል። ማታ መብራት ጠፍቶ ሳይሞላ ካደረ ደግሞ ጠዋት ላንቴ ደርሼ መመለሴን እርግጠኛ መሆን አልችልም። መንገዳችሁ አጭርና ሜዳ ከሆነ፣ አካባቢያችሁም የሚጠግነው ሰው ካለ፣ ቀድማችሁ እሱን እዩ። እውነቴን ነው።

ስለ መለዋወጫ አንድ ነገር ልበል። ሞተር ሳትገዙ መጀመሪያ ወደ መካኒክ ሂዱ። እኔ ሲቀላ ያሉትን መካኒኬን ጋሼ ነው የምላቸው። "ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?" አላልኳቸውም። "ጋሼ፣ የየትኛው የፍሬን ሸራ፣ ካቴናና የፍሪሲዮን ገመድ ዛሬ እዚህ ገበያ ላይ አለ?" ነው ያልኳቸው። ሳቁና ሦስት ስም ጠሩልኝ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚቆም ሞተር፣ የፈለገውን ያህል ቢቆጥብ፣ ለየቀን ሥራ አይሆንም።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ደብተር ያዝኩ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። አለካኩ ቀላል ነው። ታንኩን አፉ ድረስ ትሞላላችሁ። ቆጣሪውን ትጽፋላችሁ። እንደ ልማዳችሁ ትነዳላችሁ። ስትመለሱ እንደገና አፉ ድረስ ትሞሉና የገባውን ሊትር ታያላችሁ። የመጀመሪያ ልኬቴ 212 ኪሎ ሜትር በ4.6 ሊትር ነበር። በሊትር 46 መሆኑ ነው። መጥፎ አልነበረም። ጋሼ ግን "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሞተር ከዚህ በላይ ይሄዳል" አሉኝ።

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈቱት። መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ጫፉ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጥቁር ነው፣ በጣት ሲነካ ይለቃል። "ይሄ ቤንዚን በዝቶበታል፣ አየር አንሶታል" አሉ። ትክክል ሲሆን የተቆላ ቡና የመጀመሪያው ቀለም፣ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ነው። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ቀለም አይቼ በሽታ የምለይ ሰው ነኝ። ይህን ነገር ወዲያው ወደድኩት። አሁን በየሁለት ወሩ ራሴ ፈትቼ አየዋለሁ።

ምክንያቱ የአየር ፊልትሮው ነበር። የጫኖ አቧራ ሞልቶት ነበር። ስፖንጁን አጠቡት፣ አደረቁት፣ ዘይት ነካ አድርገው መለሱት። ሚኒሞውን (ሞተሩ ቆሞ የሚዞርበትን ፍጥነት) ዝቅ አደረጉት። የጎማውን ነፋስ በመመሪያው ልክ አስሞላሁ፤ የኋላው በጣም ጎድሎ ነበር፣ ሳላውቀው። ካቴናውም ጠብቆ ነበር፤ ላላ አድርገው ዘይት ቀቡት። በሚቀጥለው ልኬት 230 ኪሎ ሜትር በ4.5 ሊትር ሄድኩ። በሊትር 51። ምንም ዕቃ አልገዛሁም።

የኔ የወር ሒሳብ ይህ ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 22 ቀን፣ 880 ኪሎ ሜትር። በሊትር 50 ብላችሁ ብትይዙት 17 ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜው ዋጋ 1,786 ብር። በባጃጅና በሚኒባስ በቀን 130 ብር ገደማ ነበር የማወጣው፣ በወር 2,860 ብር። ልዩነቱ ብዙ አይመስልም። ከላዩ የሞተር ዘይት አለ፣ ጎማ አለ፣ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፣ ቦሎ አለ። በጥሬ ብር ብቻ ካሰባችሁት ሞተር ሀብታም አያደርግም። እኔ ያተረፍኩት ሰዓት ነው። ከደጄ እስከ ላቦራቶሪው 35 ደቂቃ። 1 ሰዓት ከ10 ላይ የመጀመሪያው ስላይድ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው።

ፍጥነትም ቁጠባ ነው። በ50 እና በ55 መካከል ስነዳ ሞተሩ ረጋ ይላል፣ መሪው አይንቀጠቀጥም። 75 ላይ ስደርስ መዳፌ ይደነዝዛል፣ ቤንዚኑም ይታወቃል። በጠቅላላው መንገድ የማተርፈው ደቂቃ በጣት የሚቆጠር ነው።

ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን መቅዳት ይመጣል። ዋጋው ይቅርና ውስጡ ያለው ያሳስባል። አንዴ ቀድቼ ሐሬ ወንዝ ድልድይ ጋ ስደርስ ሞተሩ ተንተፋተፈና ቆመ። ጋሼን በስልክ ጠየቅኳቸው። ካርቡሬተሩ ሥር ትንሽ ብሎን አለች። የቤንዚኑን ቧንቧ ዘጋሁ፣ የተቆረጠ ሃይላንድ ከሥሯ ያዝኩ፣ ብሎኗን በካቻቪቴ ሁለት ዙር ፈታሁ። ቤንዚኑ ወረደ። ከሥሩ እንደ ብርጭቆ ዶቃ የሚንከባለሉ ጠብታዎች ነበሩ። ውሃ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ ሞተሩ ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ደፋሁት፣ ብሎኗን አጠበቅኩ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ። በሦስተኛው ምት ተነሳ። በቦታው የነበሩ ሁለት ሙዝ ጫኞች አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካቻቪቴ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

ምቾትን በተመለከተ ዋጋ የማያስወጣ አንድ ነገር ልጨምር። መንገጫገጩን የሚያለዝቡት የኋላ አሞርዛተሮች ሥር ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። የኔ ሲመጣ ጠንከር ባለው ላይ ነበር፤ ሁለት ሰውና ጭነት ለሚይዝ ይሆናል። እኔ 52 ኪሎ ነኝ። በየጉድጓዱ ወደ ላይ ይወረውረኝ ነበር። ጋሼ ቀለበቱን በቁልፍ አዙረው ለስላሳው ላይ አደረጉት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ወር ሙሉ "የመቀመጫውን ስፖንጅ ላስቀይር" እያልኩ ነበር። እናቴን የማስቀምጥ ቀን አንድ ደረጃ ከፍ አደርገዋለሁ።

ጥቁር መቀመጫ በአርባ ምንጭ ፀሐይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። የማንጎ ዛፍ ሥር አቆማለሁ። ዛፉ ሥር ቦታ ካጣሁ አሮጌ ነጠላ አለብሰዋለሁ።

ሄልሜት ላይ አልከራከርም። ጤና ጣቢያ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ከመንገድ የሚመጡትን አያለሁ። ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ሙቀቱ ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። ሹሩባዬን ዝቅ አድርጌ እሠራለሁ፣ ከሥሩ ስስ ሻሽ አስራለሁ። የሞተር በጀት ስትይዙ የሄልሜቱን ከመጀመሪያው ጨምሩት። ማሰሪያው አገጫችሁ ሥር ጥብቅ ይበል።

ትናንት ከአዋላጇ ጋር ሦስት ሰዓት ላይ ሲቀላ ተገናኘን። መጀመሪያ የኔ ሞተር ላይ አስቀመጥኳት። ጉልበቷ ወደ ላይ ተሰብስቦ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እየሳቀች ወረደች። ሜትሩን አወጣሁ። የሷ እግር 82 ነው። መንገዷም ሌላ ነው። ከሲቀላ ላንቴ፣ ሜዳ ለሜዳ፣ ከኋላዋ የሚቀመጥ ሰው የለም። ባለ 125 አየን፣ ከፍ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጥ። አንድ ሰው ለሁለት ዓመት የነዳው ነው። ጋሼ መጥተው አስነሱት፣ ጭሱን አዩ፣ ካንዴላውን ፈተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ቡኒ ነበር። አሥር ደቂቃ ቁጭ አለችበት። "ወገብሽስ?" አልኳት። "ረሳሁት" አለችኝ።

ሊብሬውን ዘርግተን የሞተሩን ቁጥር ማመሳከር ጀመርን። የቁጥሩ መጨረሻ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኗል። በአውራ ጣቴ ፈተግ ፈተግ አደረግኩት። "ስድስት ናት ስምንት?" አለችኝ። በስልኳ መብራት አበራችልኝ። ስምንት ናት። ሊብሬውም ስምንት ይላል። የቦሎውን ቀን አየን፣ ውሉን ተፈራረሙ፣ ገንዘቡን በቴሌብር ላከች።

ከዚያ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በቀስታ እስከ ጫኖ ሄደን ተመለስን።